እርማት፦ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ሁሉ «የአራስ ብርድ» አይደለም

እህቴ፣ «አራስ ብታብጥና ትንፋሽ ቢያጥራት ብርድ ገብቷት ነው፤ ትታጠን፣ ገንፎ ትብላ» ያልሽው መታረም አለበት። ከወሊድ በኋላ እግር ትንሽ ማበጡ ያለ ነገር ነው፤ በቀናት ይጎድላል። ግን ጋደም ስትል የሚያፍናት፣ ትራስ ደራርባ የምትተኛ፣ ሌሊት አየር አጥሯት ብድግ የምትል ከሆነ ልቧ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሳልም ይኖረዋል፤ ለዚህ ነው ሰው ጉንፋን የሚለው።

ይህ የልብ ድካም ከእርግዝና መጨረሻ ወር ጀምሮ ከወሊድ በኋላ እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ይከሰታል። ልቧን አሟት የማያውቅ ወጣትም ይይዛል። አራሷ ከአልጋ እስከ በር ስትሄድ ካለከለከች፣ የክርስትናው ድግስ እስኪያልፍ አይጠበቅም። ከዘጌም ብትሆን፣ ጀልባም ሆነ መኪና፣ በተገኘው ባሕር ዳር ሆስፒታል ትድረስ። የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ይለየዋል።

መድኃኒት አለው። ፉሮሰማይድ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ያስወጣል። እንደ ኢናላፕሪልና ሜቶፕሮሎል ያሉት ደግሞ ልብን ያግዛሉ፤ እያጠባችም የሚሰጡ ናቸው፤ ሐኪሙ ግን ማጥባቷን ይወቅ። ገንፎውን አልነፈግኋትም፣ ጨዉ ግን ይቀነስ። ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ተሻለኝ ብሎ ኪኒን በራስ ማቆም ግን አይሆንም። ሌላ ልጅ ከማሰብ በፊትም ኢኮው ይደገም፤ በሽታው በቀጣዩ እርግዝና ሊመለስ ይችላል።