ጀሶው ወለቀ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ቆልማማ እግር (ሲወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ የሕፃን እግር) በጀሶ እንደሚስተካከል በደንብ አስረድቷል። ከጀሶው በኋላ ስላለው ጫማ ግን በአንድ መስመር አልፎታል። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ልጄ በተወለደች በ2 ሳምንቷ ጀመርን። ጀሶው በየሳምንቱ ሲቀየር እግሯ ትንሽ ትንሽ ወደ ትክክለኛ ቦታው እየዞረ መጣ። 6 ጀሶ ፈጀ። ከዚያ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት ቆረጥ አደረጉላት፣ የመጨረሻው ጀሶ 3 ሳምንት ቆየ። ይሄ ሁሉ ለካ ቀላሉ ነው!

ቀጥሎ ሁለቱ እግሮች በዘንግ የሚያያዙበት ጫማ መጣ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቷ በእንቅልፍ ሰዓት። ሌሊቱን በዘንጉ አልጋውን ስትደበድብ አንጀቴ አልችል አለ። እግሯ እኮ ቀጥ ብሏል ብዬ ለጥቂት ሳምንታት ተውኩት። መልሼ ላደርግላት ስል ተረከዟ ጫማው ውስጥ አልቀመጥ አለ። እግሯ ተመልሶ ወደ ውስጥ እየዞረ ነበር። እንደገና 2 ጀሶ።

አሁን 3 ዓመቷ ነው፣ ሩጫ ነው ሥራዋ። ማታ ጫማውን ራሷ ታመጣዋለች። ለጀማሪ ወላጆች፦ ካልሲው እንዳይጨማደድ፣ ቆዳ ይልጣል።