«በሞቴ» ለጉርሻ እንጂ ለሳልሳ አይሆንም

የአዲስ አበባ የሳልሳ ጨፋሪ ችሎታ አያንሰውም። ካዛንቺስም ሆነ ስታዲየም አካባቢ የሳልሳ ምሽት ካለበት ሆቴል ጎራ ብላችሁ እዩ። ከዩቲዩብ ይማረው ከክፍል፣ እግሩ የሚያስቀና ሰው አይጠፋም። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ጭፈራው ከመጀመሩ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ። አንዱ እጁን ሲዘረጋ፣ ሌላዋ መልስ ስትሰጥ። እዚህ ላይ ገና ብዙ ይቀረናል።

ላልሄደ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሶሻል የሚባለው ምሽት ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ዘፈን ጨፍሮ፣ አመስግኖ ወደሚቀጥለው የሚሄድበት ነው። ከፍቅረኛው ጋር መጥቶ ከእሷ ጋር ብቻ የሚያመሽም አለ፤ ይሁን። ዋናው ጨዋታ ግን መቀያየሩ ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜም መልስ ይሰጣል። «እሺ»ም «አይ»ም የሚከብድ ከሆነ ምሽቱ በሙሉ ይከብዳል።

እኛ ደግሞ ያደግነው በሌላ ደንብ ነው። ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው «በሞቴ» ይባላል። አሁንም እምቢ ካለ «አፈር ስሆን» ይከተላል። ሰርግ ቤት ቁጭ ያለች ሴት እጇን ተይዛ ትነሳለች። መጀመሪያ መግደርደሯ ወግ ነው፤ የሚጎትታትም ይህን ያውቃል፤ ሁለቱም ሲስቁ ያልቃል። እዚያ ያምራል። ደግሞም እስክስታ የሚወረደው ፊት ለፊት ተቁሞ ነው፤ ማንም ማንንም አያቅፍም። ሳልሳ ላይ ግን የወንዱ ቀኝ እጅ ሴቷ ጀርባ ላይ ያርፋል። የማያውቃት ሰው፣ ያልፈቀደችለት ሰው፣ እጁ ጀርባዋ ላይ ነው። «በሞቴ» እዚህ ጋ ሌላ ነገር ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የማየው እንዲህ ነው። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ውሃ እየጠጣች ነው። አንዱ ይመጣል። «ደክሞኛል» ትለዋለች። «ኧረ ነይ ባክሽ፣ አታካብጂ!» ይላል። ጓደኞቹ ከጠረጴዛ እያዩት ስለሆነ ባዶ እጁን መመለስ ሼም ሆኖበታል። እጇን ይይዛል፤ እሷም ሰው እንዳያያት ብላ ትነሳለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይኗ በር በሩን ያያል። እሱ በበኩሉ ያችን ሁሉ ዙር አዙሯት ደስ ብሎት ይመለሳል።

የሴቶቹም ጥፋት አለ። «እግሬን አሞኛል» ያለችው ልጅ ዘፈኑ ሳያልቅ ከሌላ ጋር ስትሽከረከር ትታያለች። ልጁ ደግሞ እዚያው ቆሟል። ይሉኝታ ይዟት ነው የዋሸችው፤ ግን ውሸቱ ከእምቢታው በላይ ያማል። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባትም። «ቆይ በኋላ» ካለች ግን በኋላ ሄዳ ልጁን መፈለግ የእሷ ፈንታ ነው። አንዱን እምቢ ያለች ሴት ያንን ዘፈን ቁጭ ብላ ታሳልፍ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። በግልጽ እምቢ ካለች ከፈለገችው ጋር ትጨፍር። እምቢ የተባለውም «ችግር የለም» ብሎ ይለፍ። እስከ ሰባት ቤት የተሰደበ ይመስል ፊቱን ማጥቆር ምን የሚሉት ነው?

ጠያቂው ሁልጊዜ ወንድ የሚሆንበትም ምክንያት አይገባኝም። ሳልሳ በሚጨፈርባቸው ብዙ ከተሞች ሴት ወንድን መጠየቋ ተራ ነገር ነው። እኛ ጋ ግን «ደፋር» ትባላለች። ውጤቱም ይታያል፤ ግድግዳ ዳር ያሉት ወንበሮች በሴቶች ይሞላሉ። ከእነሱም ወጣቷና ጎበዟ አስር ጊዜ ስትነሳ ጀማሪዋ ወይም በዕድሜ ገፋ ያለችው ቦርሳ ጠባቂ ሆና ታመሻለች። ለቦርሳ ጥበቃ መግቢያ አልከፈለችም።

ችሎታ አያንሰንም ስል ግን አንድ ነገር አስቀርቼ ነው። አውራ ጣትን። ሴቷ ስትዞር እጇ በወንዱ ጣቶች ዙሪያ እንደልቡ መሽከርከር አለበት። ለዚህ ደግሞ ጣቶቹ ልል መንጠቆ ብቻ መሆን አለባቸው። አውራ ጣቱ የእጇን ጀርባ ጨምድዶ ከያዘ ክንዷ ይቆለፋል፤ ሰውነቷ ዞሮ የእጇ አንጓ ወደኋላ ይቀራል። በማግስቱ ኮምፒውተር የምትጽፍበት እጅ ነው። ስንት የዙር ዓይነት የሚያውቅ ሰው ይህችን አያውቃትም፤ ማንም ነግሮት አያውቅማ። የተጎዳችውም «ደስ የሚል ነበር» ብላ አመስግና ትሄዳለች።

አጨፋፈርን ለያዙት ሰው ልክ ማድረግም ችሎታ ነው። የሳልሳ ቆጠራ ስምንት ነው። አንድ ሁለት ሦስት፣ አምስት ስድስት ሰባት ይረገጣል፤ አራትና ስምንት ላይ እግር ያርፋል። ጀማሪ ይህን ብቻ ይዛ ከመጣች በዚያው ማጫወት ይቻላል፤ ያውም ደስ ብሏት። አንዳንዱ ግን ከኒውዮርክ ቪዲዮ ያየውን ሁሉ በአንድ ዘፈን ሊያራግፍባት ይሞክራል። ግራ ስትጋባ ደግሞ መሀል ላይ አቁሞ «ቁጠሪ! ክንድሽን አላይው!» እያለ ያስተምራታል። ሳትጠይቅ ሰውን መጨፈሪያ መሀል ማስተማር ማዋረድ ነው። ወደኋላ ማጋደልማ ሳይነጋገሩ ጨርሶ አይሞከርም፤ ወገብ ነው የሚቀጨው። ደግሞ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ፈጣን ዘፈን ሲደራረብ የማያለከልክ የለም፤ «ትንሽ ልረፍ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው።

ይህን ሳነሳ «የፈረንጅ ደንብ አታምጣብን» የሚለኝ አይጠፋም። ሳልሳ ራሱ ሶን የሚባለውን የኩባ ሙዚቃ መሠረት አድርጎ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ላቲኖች፣ በተለይም በፖርቶሪኮና በኩባ ልጆች እጅ ያደገ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ገና እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ሆኖ የላቲን ምት ያለበትን ሙዚቃ ሲያስቀርጽ ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ጋ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁ ኩባውያን ምስል አለ። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ተምረዋል። በራስ ሆቴል ዘመን ወላጆቻችን ቻቻና ታንጎ ጨፍረዋል። ተቃቅፎ መጨፈር ትናንት ከቦሌ የገባ አይደለም። ደንቡንም የፈረንጅ ብሎ መግፋት የሚመቸው ለጎታቹ ብቻ ነው።

ላብና ሽታን አላበዛበትም። ከሥራ ቀጥታ የምትመጡ ትርፍ ሸሚዝ ያዙ። ክትፎው ከጭፈራው በኋላ ይደርሳል።

ስልክ ግን ያሳስበኛል። ይህች ከተማ ትልቅ መስላ ትንሽ ናት። አንዱ ለቲክቶክ የቀረጸው ቪዲዮ ጠዋት የልጅቷ አክስት ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ለአክስትየው ሳልሳ ሳይሆን «ከማን ጋር ተቃቅፋ ነው?» ነው የሚታያት። አለቃ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ እጮኛ አለ። ሰው የሚጨፍርበትን ቪዲዮ ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ራሱ ነው። ከኋላ ያለፈው ሰው ፊት ከገባ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ካልተቻለ አለመለጠፍ።

ከምሽቱ ማብቂያ ጋር የሚመጣው «ላድርስሽ»ም አለ። ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ቀና ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ዘፈን አብራው የጨፈረች ልጅ ምንም ቃል አልገባችለትም። ራይድ ጠርታለች? መኪናው እስኪመጣ በሩ ጋ ቆሞ መሸኘት በቂ ጨዋነት ነው።

መፍትሔው ያለው አዘጋጆቹ ጋ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ከሶሻሉ በፊት የጀማሪ ትምህርት ይሰጣሉ። ከዚያች ሰዓት አስር ደቂቃ ቀንሰው ሰዉን ጥንድ ጥንድ ያድርጉና ይጠያየቅ። አንዱ «እንጨፍር?» ይበል፣ ሌላዋ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ትበል፣ እሱም «ችግር የለም» ብሎ ይለፍ። ከዚያ ተራ ይቀያየሩ። መጀመሪያ ይሳቃል፤ ይሳቅ። እግር የሚለምደው በመደጋገም ከሆነ አፍም እንደዚያው ነው።

ይህንን ለአንድ አዘጋጅ ሳነሳለት «ደንበኛ ያሸሽብኛል» አለኝ። እሱ ቤት ቀድመው የሸሹት ግን ሴቶቹ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ አንድ በአንድ ቀሩ። ወንዶቹ ቢራቸውን ይዘው ባንኮኒው ጋ ተደርድረው «ዛሬ ምነው ቀዘቀዘ?» ይባባላሉ። አዘጋጁ ዲጄ ቀይሯል።