ጥጃው የሚሞተው መርፌ አጥቶ አይደለም

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ወተት ላም የሚወራው በአብዛኛው ስለ ማዳቀል ነው። ይህን ያህል ላም ተዳቀለ፣ ይህን ያህል የተሻሻለ ዝርያ ተወለደ። ጥሩ። ከተወለዱት ውስጥ ሦስት ወር የደረሱት ስንት ናቸው የሚለው ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ቢሾፍቱ፣ ሰበታ ወይ ሱሉልታ ሄዳችሁ ጓሮው ሁለት ሦስት የፈረንጅ ላም ያሰረ ሰው ጠይቁ። ጥጃ ሞቶበት ያውቃል። ምን ገደለው? ተቅማጥ። ምን አደረገለት? ኦክሲ አስወጋው፣ ወተቱንም አቆመበት።

የሚያናድደኝ ይቺ መልስ ናት። ሰውየው ሰንፎ አይደለም፤ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ቶሎ የሚሰጠው ያው ኦክሲ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ጥጃን የሚያስቀምጡት ተዋህሲያን ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በተወለደ በአራት አምስት ቀን ውስጥ ውሃ ውሃ ካለው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ከሆነ ሮታ ቫይረስ፣ የከብት ኮሮና ቫይረስ (ኮቪድ አይደለም፣ አትደንግጡ) ወይም ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተዋህሲ ሊሆን ይችላል። ወር ሲጠጋ ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲያ የሚባል ሌላ ጥገኛ ተዋህሲም አለ። ኦክሲ ቫይረሶቹንም ክሪፕቶውንም አይነካቸውም። ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከታየ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ሐኪም ይወስን።

ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ደግሞ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ቶሎ ካልተመለሰ፣ ዓይኑም ወደ ውስጥ ከገባ፣ ውሃ አልቆበታል። ለጥጃ የተዘጋጀ ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት ካልተገኘ ከሰው ፋርማሲ የሚሸጠውን ኦአርኤስ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጣችሁ፣ ለብ አድርጋችሁ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ሁለት ሁለት ሊትር ያህል በጡጦ ስጡት። ከወተቱ ጋር አትቀላቅሉት። ወተቱ ግን ይቀጥል! ወተት የተከለከለ ጥጃ በሽታውን በምን አቅሙ ይታገል? መነሳት ካቃተው ወይም ጣት አፉ ውስጥ ስታስገቡ ቀዝቅዞ ካገኛችሁት ግን በጡጦ አትታገሉ፤ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሐኪም አስጠሩ።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለቀ ነው። ጥጃ ከእናቱ ሆድ የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወጣም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ፣ ላሟ እንደወለደች ከምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት ነው። አንጀቱ ያን መከላከያ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ዘግቷል ማለት ይቻላል። 30 ኪሎ የሚመዝን እንቦሳ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት 3 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይገባዋል። እኛ ጋ ሌሊት የወለደች ላም እስኪነጋ ትጠበቃለች። አንዳንዱ የእንግዴ ልጁ ካልወጣ አትነካም ይላል፣ አንዳንዱ እንገሩ ያስቀምጠዋል ብሎ አልቦ ለቤተሰቡ ያፈላዋል። እንገር የሚረከብ ወተት ሰብሳቢ የለም እኮ! ታዲያ ለማን ብለን ነው የምንሰስተው? ጥጃው ወንድ ከሆነማ አታንሱት፤ ከተማ ውስጥ ወንድ ጥጃ ፈላጊ የለውም።

በረቱን በረኪና ደፍተንበታል የምትሉም አላችሁ። ክሪፕቶ በበረኪና አይሞትም። የፈላ ውሃና ደረቅ ወለል ይሻላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ የተወለደውን ከሚያስቀምጠው መለየት። ይኸው ተዋህሲ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ጥጃ ያቀፈ ልጅ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አዳቃይ ቴክኒሻኑ ላሟ የተዳቀለችበትን ቀን መዝግቧል። ዘጠኝ ወር ቆጥሮ መቼ እንደምትወልድ ያውቃል። የባለቤቱም ስልክ እጁ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ደውሎ ስለ እንገሩ ቢያስታውስ፣ ጡጦ ከሌላቸውም የት እንደሚገኝ ቢነግር ምን ይከብደዋል?