ስልክ ገዛሁ እንጂ መች ዘፈን ሰረቅኩ?

ፍራንክፈርት ውስጥ አዲስ ስልክ ገዛሁ። ለካስ ዋጋው ውስጥ 6.25 ዩሮ ለአርቲስቶች ካሳ ተብሎ ተሸጉጧል። ካሳ? ማንን በድዬ? «ዘፈን ልትቀዳበት ትችላለህ» ነው ነገሩ። ቢላ የሚገዛ ሰው የደም ካሳ አብሮ ይከፍላል እንዴ?

ዘፈን የምሰማው በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ስልኬን የሞላው የልጄ ፎቶና እማዬ በቴሌግራም የምትልክልኝ ስብከት ነው። ለስብከቱም ካሳ?

ጀርመኖች ይህን ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በቴፕ ዘመን። ያኔስ እሺ፣ ሰው ይቀዳ ነበር። ዛሬ ማን ይቀዳል? ካሳው ግን አለ፤ ፍላሽ እንኳን አላመለጠችም። ፕሪንተር ሳይቀር! (ፕሪንተር ይዘፍናል?)

ዘፋኝ ይብላ፣ ማን ጠላ? ግን አሮጌው ስልኬ ስለተሰበረ እንደገና ካሳ? ያው ጆሮ፣ ያው ዘፈን!