ያቀላሻል!

የልብስ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ምርቃት አለው። አንዱ «ያምርብሻል» ነው። ይሄ የጅምላ ነው፤ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድ ላላት ሴት ሳይቀር ይሰጣል። ሁለተኛው የሚመዘዘው ገዢዋ ልትወጣ አንድ እግሯን በሩ ላይ ስታደርግ ነው። «እናቴ ትሙት፣ ያቀላሻል!» ይህን ሰምታ ዋጋ የተከራከረች ሴት አላየሁም። ወንዱም «ያቀላሃል» ሲባል ወደ መስታወቱ ይመለሳል፤ ኮሌታውን የሚያስተካክል መስሎ ነው እንጂ።

አገር ሁሉ «ለመልኬ የሚሄድ ቀለም» እያለ ይዞራል። የሚፈልገው ግን ቀላ የሚያደርገውን ነው። መርካቶ ቦንዳ ሲፈታም፣ ቦሌ ቡቲክ ውስጥም መመዘኛው አንድ ነው። ያቀላል ወይስ ያጠቁራል? ያጠቁራል የተባለ ልብስ አበቃለት። ጨርቁ ጥጥ ይሁን፣ ስፌቱ ይጠንክር፣ ዋጋው በግማሽ ይውረድ፣ ማንም አይነካውም።

መልካችንም እንደ ደመወዝ እርከን አለው። ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ከዚያ «ጠቆር ያለ» ይመጣል። ጥቁር የሚባል ሰው በጨዋ ቤት የለም፤ «ጠይም ናት፣ ግን ደስ የምትል ጠይም» ነው የሚባለው። ትዳር ሲታሰብ ሁላችንም በአንድ እርከን ከፍ እንላለን። ነጋዴ ዘንድ በሁለት። ወደ ቦታችን የምንመለሰው ቴሌቪዥን ላይ የጠፋ ሰው ሲፈለግ ብቻ ነው፦ «መልኩ ጠይም፣ ቁመቱ መካከለኛ»። በዚህ ምልክት ከተሄደ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው በሙሉ ጠፍቷል።

አሁን ደግሞ ቲክቶክ «አንደርቶንሽን እወቂ» የሚል ትምህርት ይዞ መጣ፤ ከቆዳሽ ሥር ያለው ቃና ወደ ብጫ የሚያደላ «ሙቅ» ነው ወይስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ «ቀዝቃዛ» ማለቱ ነው። ነገሩ ሥር የሌለው ወሬ አይደለም። ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረው ስዊዘርላንዳዊው ሰዓሊ ዮሐንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ እንደልባቸው ቀለም ምረጡ ሲባሉ የየራሳቸውን መልክ የሚመስል ነገር እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነገሩን ትልቅ ንግድ አደረጉት። የሰውን ዘር በመልኩ በአራት ወቅት ከፈሉት፤ ለየወቅቱም የሚያምርበትን ቀለም መደቡለት። ለነጮቹ አራቱም ወቅቶች በየፀጉራቸውና በየዓይናቸው ቀለም ተከፋፈሉ። ጥቁር ቆዳ ያለው ግን አብዛኛው ተጠቅልሎ ክረምት ውስጥ ገባ። ጋምቤላና ሐረር አንድ ወቅት ሆኑ ማለት ነው።

እሺ፣ ክረምት እንሁን። ክረምት የሆነ ሰው ጥቁርና ንጹህ ነጭ ያምርበታል ይላሉ። እስቲ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰሽ ሰፈር ውስጥ ውጪ። ዳቦ ቤት ሳትደርሺ «ልጄ፣ ማን ነው? መቼ ነው ያረፈው?» የሚሉ እናት ያገኙሻል። «ኧረ ማንም የለም እማማ፣ ቀለሙ ስለሚሄድብኝ ነው» ብትዪ አይሰሙሽም። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው፣ ነጠላቸውን ሊያመጡ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ነጩስ? የፈረንጅ ክረምት በረዶ ነው፤ የኛው ጭቃ ነው። ሐምሌ ላይ ነጭ ሱሪ የለበሰ የአዲስ አበባ ሰው ወይ መኪና አለው ወይ ተስፋ ቆርጧል። እዚህ የክረምት ቀለም ማለት ጭቃውን የሚመስል ቀለም ነው። ወንዶቻችን ይህን ያለ ቲክቶክ ደርሰውበታል። ወንድ ልጅ ልብስ ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቆሻሻ ይችላል?»

ፈተናዎችም አሉ። የእጅ አንጓሽን ገልብጠሽ ደም ሥርሽን እዪ፤ አረንጓዴ ከሆነ ሙቅ ነሽ፣ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ። የኔን ደም ሥር ነርሶች ራሳቸው ክንዴን በጥፊ መታ መታ አድርገው፣ ጓደኛ ጠርተው ነው የሚያገኙት። እኔ ቀለሙን በስልክ መብራት ልለይ? ሌላው የወርቅና የብር ፈተና ነው። ወርቅ ከደመቀብሽ ሙቅ፣ ብር ከደመቀብሽ ቀዝቃዛ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቼ አንገቴ ላይ አስሞከርኩ። ወርቁ ደምቆብኛል። ዋጋው ሲነገረኝ ግን በአንዴ ቀዝቃዛ ሆንኩ።

ከዚህ ሁሉ የማምነው አንድ ምክር ነው፤ ልብሱን ወደ በሩ አውጥቶ በፀሐይ ማየት። ሱቅ ውስጥ የተዋደዱ ሁለት ቀለሞች የሱቁ መብራት እንዳስታረቃቸው የሚታወቀው ደጅ ሲወጡ ነው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ «እዚሁ እዪው፣ ውጭም ያው ነው» ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። ውጭም ያው ከሆነ ምን ያስፈራዋል?

ከአክስቶች ሕግ የሚያናድደኝ ደግሞ «ጠቆር ያለ ሰው ደማቅ አይለብስም» የሚለው ነው። ስንቷ ጠይም ልጅ በዚህ ሕግ ቡኒና ግራጫ ውስጥ ተቀብራ አደገች! የቆዳዋን ዓይነት ቡኒ ስትለብስ ልብሱ የት እንዳለቀ፣ አንገቷ የት እንደጀመረ አይለይም። ያቺው ልጅ ብጫ ትልበስ፣ የአደይ አበባ ብጫ። ወይ ብርቱካናማ። ሰው ዞሮ ያያታል። ቆዳዋ ከጥልቀቱ ይነሳል፣ ጥርሷ ሳይቀር ይበራል። ሕጉን ያወጣችው አክስትም ታያለች። አይታም «ውይ፣ ምን አገኘሽ? ቀላሽብኝ እኮ!» ትላለች። ሌላ የማድነቂያ ቃል የላትማ።

ሸማኔዎቻችን እኮ ይህን ጣጣ ድሮ ጨርሰውት ነበር። ፊት አጠገብ ነጭ፣ ቀለሙ ጥለቱ ላይ፣ ጥለቱ ጫፍ ላይ። ነጭ ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሳል፤ ቀይ ጠይም ብሎ አይመርጥም። ሽሮ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን የምንከራከርበት የቀሚስ ጥለት፣ ብዙ ጊዜ ከፊታችን ይልቅ ለጫማችን ይቀርባል። የነጠላው ጥለት ፊት ዘንድ የሚደርሰው ለለቅሶ ሲዘቀዘቅ ነው። ያን ዕለት ደግሞ «ይሄድብኛል ወይ?» የሚል ሰው የለም።

ለነገሩ እኛ ዘንድ ቀለም የሚመርጠው ለባሹ አይደለም። ኮሚቴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ ተመልከቱ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አዘጋጁ የመረጠለትን ቲሸርት አጥልቆ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሯጯን ሙቅ ነሽ ቀዝቃዛ ነሽ ያላት ማን አለ? ያውም በሰልፍ ነው የሚገዛው።

ሰርግ ግን ይብሳል። ሙሽራዋ የቴሌግራም ግሩፕ ትከፍትና ፎቶ ትለቃለች። ፎቶው ላይ ያሉት ሚዜዎች ፀጉራቸው ወርቃማ፣ ባሕር ዳርቻው የሌላ አህጉር ነው። «ልጆች፣ ሳልሞን ከለር ነው የመረጥኩት፣ እንዴት ነው?» ስድስት ሚዜ፣ ስድስት መልክ፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ። አንዷ ደፍራ «እኔን ያጠቁረኛል» ትላለች። ግሩፑ ጸጥ ይላል። ከዚያ አምስት አውራ ጣት በተከታታይ ይወጣል፤ ስድስተኛው የራሷ ነው። ልብስ ሰፊው «አይዞሽ፣ ለሁሉም ይሄዳል» ይላታል። ጣቃውን ትናንት ገዝቶታል፣ ምን ይበል?

በሰርጉ ዕለት ሜካፕ ሠሪዋ የተረፈውን ትጨርሳለች። ፊት በሁለት እርከን ይቀላል፤ አንገት በነበረበት ይቀራል። ፎቶግራፈሩ ደግሞ አንገቱንም አይምርም፤ ኤዲት ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ያቀላዋል። ሳልሞኑም ይነጣል፣ ሣሩም ይነጣል፣ ሙሽራውም ይነጣል። ስለ ቀለም የተደረገው የሦስት ወር ስብሰባ መና ይቀራል።

አልበሙ በደረሰ ቀን መነጽራቸውን ተውሰው ያዩት የሙሽራዋ አያት ነበሩ። ገጽ በገጽ፣ ሳይቸኩሉ አገላበጡት። የገዛ የልጅ ልጆቻቸው የተደረደሩበት ትልቁ ፎቶ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ቆንጆዎች ናቸው» አሉ። «የሙሽራው ወገኖች ናቸው አይደል? የኛዎቹስ የት ሄደው ነው ያልተነሱት?»