ለቅጥር ባለሙያዎች ጉባኤ ማን ይላክ?

ክርክሩ የተነሣው፣ አዲስ አበባ ላይ ለሚካሄድ የሰው ኃይል ቅጥር ባለሙያዎች ጉባኤ ከደብረ ማርቆስ ሰው መላክ ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ነበር። በአንድ የግል ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ የሆኑት ሰው ሐሳቡን ገና ከጅምሩ ተቃወሙት። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚያስኬድ ጉዞ ትራንስፖርትና ውሎ አበል ተከፍሎ የሚገኘው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። «እኛ የምንቀጥረው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌርና ጥበቃ ነው። ማስታወቂያ በለጠፍን ማግስት ግቢው በአመልካች ይሞላል፤ ታዲያ ሰው እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስተምረን ለምንድን ነው?» ሲሉም ጠየቁ።

ለረጅም ዓመታት በቅጥር ሥራ ላይ የቆየችው ሴት ግን «ጋሼ፣ ችግራችን እኮ መብዛታቸው ነው» አለቻቸው። አመልካች ሲበዛ ኮሚቴው የሚያጣራው በሥራ ልምድ ዓመት እንደሆነ አስታወሰች፤ ነገር ግን የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት፣ የልምድ ዓመት ብዛት ከቅጥር በኋላ ከሚታየው የሥራ ውጤት ጋር ያለው ትስስር (0 ማለት ምንም፣ 1 ማለት ፍጹም ትስስር ሲሆን) 0.07 ብቻ መሆኑን፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ግን 0.42 መድረሱን እንደሚያሳይ አስረዳች። ይህን የሰማችው በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ፣ እንደ እርሷ አመልካች ፊት ለፊት ከሚቀመጥ ባለሙያ አፍ ነው። ከብቸናና ከሞጣ የሚመጡ ወጣቶች አንድ ጊዜ ለምዝገባ፣ አንድ ጊዜ ለፈተና እየተባሉ የሚመላለሱበትን አሠራር ሌሎች እንዴት እንዳስቀሩት መጠየቅ እንደምትፈልግም ጨመረች፤ የቅጥሩ ወጪ ገና ደመወዝ ባላገኘው ሰው ላይ መውደቁ እንደሚያሳፍራት አልሸሸገችም።

እስከዚያ ዝም ብሎ የቆየው ወጣት ለሁለቱም ከፊል እውነት ሰጣቸው። ጉባኤው ጠቃሚ ቢሆንም የሚሄደው ሥራ አስኪያጁ እንደሆነ፣ የሚመለሰውም ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይዞ እንደሆነ ተናገረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው ብሎ እያለ፣ ከሥራ ፈላጊው የመጀመሪያ ደመወዝ ላይ ድርሻ የሚቀበሉ ደላሎች መኖራቸውን ጉባኤ ላይ ደፍሮ የሚናገር ሰው አለመኖሩም ያንገበግበዋል።

እኔ ከሴትየዋ ጋር ነኝ፤ የወጣቱ ቅሬታ ደግሞ የእርሷን ሐሳብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የፋይናንስ ኃላፊው ስለ ገንዘቡ መጨነቃቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ለሥራው የማይመጥን ሰው ተቀጥሮ፣ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ የሚችለው የሙከራ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥቂት ቀን አበል እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ መሄድ ያለባት ቃለ መጠይቅ የምታደርገው እርሷ ናት። የምትሄደውም ያለፈውን ዓመት የቅጥር ቃለ ጉባኤዎች አገላብጣ፣ የት እንደተሳሳቱ ለይታና ጥያቄዋን ጽፋ መሆን አለበት፤ የደላሎቹን ጉዳይም መድረክ ላይ በግልጽ ታንሣው። ስትመለስ ደግሞ ኮሚቴው የሚቀጥለውን ቅጥር እርሷ ባዘጋጀችው የጥያቄና የነጥብ ቅጽ እንዲያካሂድ፣ አበሉን የሚፈቅዱት ኃላፊ ከጉዞው በፊት በደብዳቤ ያረጋግጡላት።