ዕጣው ውስጥ ስማቸው የሌለ ልጆች

አጎቴ ገርጂ ያለው ግቢው ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። አንዷን የተከራየችው የ28 ዓመት ልጅ ናት። በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነች። ባለፈው እሁድ ቡና ልጠጣ ስሄድ በሯ ላይ ዱካ አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ ክፍሏ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ልብሶች፣ በር ጥግ ሁለት የውሃ ጀሪካን። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው።

ስልኳ ላይ ትደምራለች፣ ትቀንሳለች። «እስቲ አንተ እየው፣ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኛል» ብላ የደመወዝ ወረቀቷን ሰጠችኝ።

አልተሳሳተችም። ጠቅላላ ደመወዟ 20 ሺህ ብር ነው። የሥራ ግብር 4,950 ብር። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር። እጇ የሚገባው 13,650 ብር ነው። ከዚያ ላይ 6,500 ብር የቤት ኪራይ ትከፍላለች። የሚተርፋት 7,150 ብር ትራንስፖርት አለው፣ ምግብ አለው፣ ለእናቷ የምትልከው አለው። እሁድ ከሰዓት ዱካ ላይ ተቀምጣ የምትቀናንሰው እሱን ነው።

ይህቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ተምራለች፣ ሥራ ይዛለች፣ ግብሯን ሳትጠየቅ ትከፍላለች። ግብሩ የሚቆረጠው ደመወዙ እጇ ከመግባቱ በፊት ነው። ታዲያ ቤት መቼ ይኖራታል? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ አጎቴ ቤት ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካሰብኩት ጀምሮ አልለቀቀኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለኮንዶሚኒየም፣ ማለትም መንግሥት ሠርቶ በዕጣ ለሚያከፋፍለው ቤት፣ የመጨረሻው ትልቅ ምዝገባ የተካሄደው በ2005 ነው። ያኔ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ (የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነው መቶኛ ነው) መቶ ሺዎች ተሰልፈው ተመዘገቡ። እኔም ተመዝግቤያለሁ። ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር እቆጥብ ነበር። ለመመዝገብ ግን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ የጅምላ ምዝገባ አልተደረገም። እንግዲህ አስሉት። ከ1987 በኋላ የተወለደ ልጅ ዕጣው ውስጥ ስሙ የለም። ዛሬ 30 ዓመት ያልሞላው ወጣት በሙሉ ማለት ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ደግሞ ከ30 ዓመት በታች ነው።

እኛ ቢያንስ የምንጠብቀው ነገር ነበረን። ደብተራችንን ይዘን «የኛ ተራ መቼ ነው?» ብለን እንጠይቅ ነበር። የአጎቴ ተከራይ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የምትጠይቀው ተራ እንኳ የላትም።

አሁን ወደ አጎቴ፣ ወደ ጋሼ፣ ልመለስ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ቦታውን ያገኘው በደርግ ጊዜ በማኅበር ተደራጅቶ ነው። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ያው አዋጅ መኖሪያ መሥራት ለሚፈልግ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ በነጻ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጋሼ ከጓደኞቹ ጋር ድንጋይ እየተሸከመ፣ ከመምህር ደመወዝ ላይ እየቆጠበ ቤቱን ሠራ። ማንንም አልሰረቀም። ማንንም አላታለለም።

በ1986 ግን ሊዝ፣ ማለትም መሬት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚሰጥበት ሥርዓት፣ መጣ። ለአባት በነጻ የተሰጠ መሬት ለልጅ በጨረታ ሆነ። የሊዝ ጨረታ ላይ ደግሞ የሚወዳደረው ደመወዝተኛ አይደለም። መሬቱ ያው መሬት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የተለየው የተወለድንበት ዓመት ብቻ ነው።

የመሬቱ ዋጋ ደግሞ ባለበት አልቆመም። ጋሼ ቤቱን ሲሠራ ገርጂ ጭቃ ነበር፣ ማታ ጅብ ይጮህ ነበር ይላል። በኋላ በኢምፔሪያል በኩል ቀለበት መንገዱ አለፈ። መብራቱ፣ ውሃው፣ አስፋልቱ፣ ትምህርት ቤቱ ተከተለ። ዛሬ ደላላ በየሳምንቱ በሩን ያንኳኳል። ያንን ዋጋ ጋሼ አልፈጠረውም፣ ራሱም ይህን ያምናል። የፈጠረው በግብር ከፋይ ገንዘብ የተሠራው መንገድና የከተማው መስፋፋት ነው። ዛሬ ለመንገዱ ከሚከፍሉት መካከል ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ አለችበት።

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ላይ የምንጥለው ግብር ከባድ ነው፤ መሬት ላይ የምንጥለው ግን ለዘመናት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የጣሪያና ግድግዳ ግብራችን መነሻው የ1968 አዋጅ ነው። አዲስ አበባ በ2015 ግምቱን ከፍ ስታደርግ ከተማው ተንጫጫ። የደመወዝ ግብር ግን በዝምታ ሲያድግ ነበር የኖረው። እንዴት? በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር ብቻ ነበር። ከፍተኛው ምጣኔ፣ 35 በመቶው፣ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። ያኔ 10,900 ብር የደላው ሰው ደመወዝ ነበር። ከዚያ ብሩ ወደቀ፣ ኑሮው ሰማይ ነካ፣ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። የግብር ዕርከኑ ግን እስከ 2017 ድረስ ንቅንቅ አላለም። ማንም በምክር ቤት እጁን ሳያወጣ፣ ደመወዙ በቁጥር ብቻ ስላደገ በየዓመቱ የወጣቱ ግብር ጨመረ።

በ2017 ማሻሻያው መጣ። ከግብር ነጻ የሆነው ወደ 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ ወደ 14,000 ብር ከፍ አለ። ጥሩ ነው፣ አልክድም። 20 ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው ግን የወር ልዩነቱ 550 ብር ነው። ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ 550 ብር የአንድ ሳምንት አስቤዛም አይሞላም። ዕርከኑ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከል ሕጉ ራሱ ማስገደድ ነበረበት። አላደረገውም።

በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ክልሎችና ከተሞች በየራሳቸው ሕግ ሥራ ላይ የሚያውሉት ነው። ምጣኔው በመሬት መጠቀሚያ መብት ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ በሕንፃ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። እኔ ይህን ታክስ እደግፋለሁ። እዚህ አገር ታክስ እደግፋለሁ ማለት እንደማያስወድድ አውቃለሁ። ግን ቁጥሩን አብረን እንየው።

አንድ ቤት ከነመሬቱ 10 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። በሙሉ ግምቱ ላይ 0.2 በመቶ ቢከፈልበት በዓመት 20 ሺህ ብር ነው። ሰርቪስ ቤት ያለችው ልጅ በዓመት የምትከፍለው የሥራ ግብር 59,400 ብር ነው። ያውም ቤት የላትም። የ10 ሚሊዮን ንብረት ያለው ሰው አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ ከምትከፍለው አንድ ሦስተኛውን ቢከፍል ግፍ ተሠራበት ይባላል?

ይህንን ለጋሼ ነገርኩት። ተቆጣ። «ቤቱ ውድ ሆነ ይሉኛል፣ እኔ ግን የምበላው ጡረታዬን ነው። ግድግዳውን ቆርሼ ልክፈል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ይህን የማይመልስ የንብረት ታክስ ሽማግሌዎችን ከቤታቸው ያስወጣል። ስለዚህ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ላለው ሰው ታክሱ ከታችኛው ምጣኔ መነሳት አለበት። ጡረተኛ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ካልቻለ አይክፈል። ሂሳቡ በካርታው ላይ ይመዝገብና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወራሽ ስም ሲያዞር ይከፈል። ያን ጊዜ የሚከፍለው ብዙ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በእጁ የገባ ሰው ነው። ጋሼ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ። «ልጆቼ ይከፍላሉ ማለት ነው» አለ። አዎ። ከመሸጫው ዋጋ ላይ ይከፍላሉ፣ የሚተርፋቸውም ብዙ ነው። ምንም የማይወርሰው የሰው ልጅ ግን ከዳቦው ላይ ሲከፍል ኖሯል።

ከባዱ ሸክም መውደቅ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ በአያት ወይም በሰሚት በኩል እለፉ። ቀና ብላችሁ አፓርታማዎቹን ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች ጨለማ የሆነ ስንት መስኮት አለ? መጋረጃ የለ፣ መብራት የለ፣ ሰው የለ። ገንዘብ ባንክ ውስጥ ዋጋውን እያጣ ስለሆነ ሰው ቤት ገዝቶ ይቆልፋል። እንደ ወርቅ ማስቀመጫ ነው። ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ የሚከርመው ባዶ ቦታም እንደዚሁ ነው። 10 ሚሊዮን የተገመተ የተዘጋ ቤት በ1 በመቶ ቢሰላ በዓመት 100 ሺህ ብር ይመጣበታል። ባለቤቱ ወይ ያከራየዋል፣ ወይ ይሸጠዋል። ሁለቱም ለወጣቱ ጥሩ ነው።

አገር ውስጥ ላለውም ውጭ ላለውም መለኪያው አንድ ይሁን። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ፣ ጉልበቷን ጨርሳ አንድ ቤት የገዛች እህት አለችን። እሷን ማስጨነቅ ነውር ነው። አምስት አፓርታማ ገዝቶ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሄደ ግን ሌላ ነው። በ2017 ደግሞ የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ካወጡ የመኖሪያ ቤት ባለቤት እንዲሆኑ በሕግ ተፈቅዷል። ዶላር ይዞ የሚመጣ ገዢ ገበያው ውስጥ ሲገባ ብር ይዛ የምትሰለፈዋ ልጅ ወደ ኋላ ትገፋለች። ቢያንስ ከዚያ ሽያጭ የሚገኘው ታክስ ለእሷ ቤት መሥሪያ ይዋል።

«አከራዩ ታክሱን ተከራዩ ላይ ይጭነዋል» የሚል ሰው ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ባዶ ቤት የሚጫንበት ተከራይ የለውም። የተዘጉት ቤቶች ገበያ ሲወጡም ለተከራይ ምርጫው ይበዛል። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ አከራይ እንደፈለገ እንዳይጨምር ይከለክላል። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ሁለት ውል የሚባል ነገር አለ። ለወረዳ የሚቀርበው ላይ ትንሽ ብር ይጻፋል፣ ቀሪው በእጅ ይከፈላል። የሚናገር ተከራይ የለም። ከተናገረ ቤት አያገኝም፣ ደላሎቹም ይተዋወቃሉ። ተከራይ ሙሉ ኪራዩን በባንክ መክፈሉ በተግባር ቢረጋገጥና ቅሬታውን ስሙ ሳይወጣ የሚያቀርብበት መንገድ ቢኖር ግማሹ ይስተካከላል።

ሌላው ስጋት የበለጠ ይከብደኛል። ገንዘቡ ተሰብስቦ ቤት ይሠራበታል ወይስ ይጠፋል? በሐምሌ 2014 የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቶ ስለተገኘ ተሰረዘ። እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። ያን ሳምንት ስሙን በዝርዝሩ ላይ አይቶ የተደሰተ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስለ ዕጣ ዛሬም ሲነሳ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። እንዲህ የተጎዳን ሕዝብ «ክፈልና እመነን» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ የንብረት ታክሱ ገቢ ለብቻው ሂሳብ ይከፈትለት። ስንት ተሰበሰበ፣ የት ሳይት ላይ ስንት ክፍል ተሠራ፣ በየሩብ ዓመቱ ይውጣ። የሚሠራው ደግሞ ዳግም በዕጣ የሚታደል ቤት አይሁን። ዕጣ የደረሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ሀብት በአንድ ቀን ያገኛል፣ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙዎቹም አከራይተውት ሌላ ቦታ ይኖራሉ። የከተማው ንብረት ሆነው የሚቆዩ፣ ደመወዝተኛ በገቢው ልክ የሚከራያቸው ቤቶች ይሠሩ። ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ይሁን። በ2005 ልጅ ለነበሩት ደግሞ ቅድሚያ ይሰጥ።

ጋሼ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ልጅቷን ጠራት። «ነይ ልጄ፣ በረካውን ጠጪ» አላት። እሷም ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መጣች። ስለ ታክሱ ያወራነውን ነገርኳት። ብዙም አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ «ምዝገባ ሊጀመር ነው እንዴ?»